ወደ ግራ በሸሹ ቁጥር

ዛሬ ስለ ጎልፍ ላወራችሁ ነው። አውቃለሁ... “ብለን ብለን ደግሞ ጎልፍ!” የምትሉ አትጠፉም። አልፈርድባችሁም። ለአብዛኞቻችን ጎልፍ ማለት የቴሌቪዥን ጣቢያ ስንቀያይር ሳናስበው የምናርፍበት፣ ሸሚዛቸውን ሱሪያቸው ውስጥ የከተቱ ሰዎች ሰፊ ሳር ላይ ቀስ ብለው ሲራመዱ የምናይበት፣ ተመልካቹ እንኳ ለማሳል የሚፈራበት ነገር ነው። የዱላ ጨዋታ ከሆነ የራሳችን ገና አለ፤ እሱ ደግሞ በጩኸት፣ በግፊያና በቁርጭምጭሚት ነው የሚያምረው። ጸጥ ተብሎ የሚመታ ኳስ ምን ዓይነት ኳስ ነው?

ቢሆንም ታገሱኝ። የማወራው ስለ ሀብታሞች መዝናኛ ሳይሆን ስለ አንዲት ትንሽ ኳስ ነው፤ ቀጥ ብለሽ ሂጂ ስትባል ዞራ ስለምትሄድ ኳስ። (ርዕሱን አይቶ የፖለቲካ ጽሑፍ መስሎት የገባም ካለ፣ ግራው የእጅ ግራ ነውና ከወዲሁ ይቅርታ።)

የምትዞር ኳስ እንደሁ ለኛም እንግዳ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1997 ብራዚላዊው ሮቤርቶ ካርሎስ ሊዮን ከተማ ላይ ፈረንሳይን ያገባባትን ቅጣት ምት ያላየ የኳስ ወዳጅ አለ ለማለት ይከብዳል። ከ35 ሜትር ገደማ በግራ እግሩ ውጫዊ ጎን መታት። ኳሷ ከጎሉ በስተቀኝ ርቃ የምትወጣ መሰለች። ከጎሉ መስመር ኋላ የነበረው ኳስ አቀባይ ልጅ እንኳ “መጣችብኝ” ብሎ ጎንበስ አለ። እሷ ግን ታጠፈችና ገባች። በረኛው ባርቴዝ ቆሞ ከማየት በቀር ያደረገው ነገር አልነበረም። ከዚያ በኋላ በየሰፈሩ ስንት ጎረምሳ በጫማው ጎን ኳስ ሲያጣምም፣ ስንት የጎረቤት መስታወት እንደረገፈ እናንተው ታውቁታላችሁ።

ኳስ ለምን ትዞራለች? ነገሩ ሲፈታ ቀላል ነው። እየተሽከረከረች የምትሄድ ኳስ በዙሪያዋ ያለውን አየር ወደ አንድ ጎን ትገፋዋለች፤ አየሩ ደግሞ አጸፋውን እሷን ወደ ሌላው ጎን ይገፋታል። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1672 በጻፈው ደብዳቤ የቴኒስ ኳስ ስትታጠፍ ማየቱን አንስቷል። ስሙን የወሰደው ግን በ1852 በሙከራ ያሳየው ጀርመናዊው ማግኑስ ነው። ጎልፍ ተጫዋቾችም በበኩላቸው ሳይማሩ የደረሱበት ነገር ነበር። በ1848 አካባቢ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራች ለስላሳ ኳስ መጣችላቸው። ታዲያ አዲሷ ኳስ አልበር አለቻቸው፤ ተመትታ ተመትታ የተጫጫረችው አሮጌዋ ግን ርቃ ትበራለች። ነገሩ ሲገባቸው አዲሱን ኳስ ገና ሳይጫወቱበት በመዶሻ እየጠረቡ ጠባሳ ያወጡለት ጀመር። ዛሬ ጎልፍ ኳስ ላይ የምታዩአቸው ከ300 እስከ 500 የሚደርሱ ጎድጓዳ ነጠብጣቦች የነዚያ ጠባሳዎች ልጆች ናቸው።

ኤዲንብራ ውስጥ ፒተር ጋትሪ ቴይት የሚባል የፊዚክስ መምህር ነበር። በ1890ዎቹ የጎልፍ ኳስ አየር ላይ ያን ያህል የምትቆየው ወደ ኋላ ስለምትሽከረከር መሆኑን በሒሳብ አሳየ። የሚገርመው ልጁ ፍሬዲ ነው፤ በ1896 እና በ1898 የብሪታንያ የአማተሮች ሻምፒዮን ሆኗል። አባት ኳሷ ለምን እንደምትበር ያውቃል፣ ልጅ እንዴት እንደሚያበራት ያውቃል። ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ቤት ማደራቸው መታደል ነው። ብዙ ጊዜ አብረው አይገኙማ!

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ዱላውና ኳሷ የሚነካኩት ለአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ዓይን የማይደርስበት ቅጽበት ነው። በዚያች ቅጽበት ሁለት ነገሮች ይወሰናሉ። አንደኛው፣ የዱላው ፊት ወዴት ያያል? ሁለተኛው፣ ዱላው ራሱ ወዴት እየተጓዘ ነው? እነዚህ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። መንገድ ላይ እየተራመደ አንገቱን ወደ ሱቅ መስኮት ያዞረ ሰው አስቡ። እግሩ ወደ ፒያሳ እየሄደ ነው፣ ፊቱ ግን ጫማው ላይ ነው። ዱላም እንዲሁ ወደ አንድ ወገን እየተወረወረ ፊቱ ሌላ ሊያይ ይችላል።

ፊቱና መንገዱ ከተስማሙ ኳሷ አትዞርም። ወዳልታሰበ ቦታ ልትሄድ ትችላለች፤ ግን ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ፊቱ ከመንገዱ ይልቅ ወደ ቀኝ ካየ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች፣ ወደ ግራ ካየ ወደ ግራ። ልዩነቱ በሰፋ ቁጥር ጥምዝዟም ይሰፋል። (የዱላው መሃል ካገኛት ማለቴ ነው፤ በጠርዙ ከተመታች ሌላ ጣጣ አለው።) የመነሻ አቅጣጫዋን በአብዛኛው የሚወስነው ፊቱ ነው፤ ድራይቨር በሚሉት ረጅሙ ዱላ ሲመታ ከመቶ 85 እጅ ገደማ፣ በብረቶቹ ደግሞ 75 እጅ ገደማ። በአጭሩ ኳሷ የምትነሳው ፊቱ ወዳየበት ነው፤ የምትጠመዘዘው ደግሞ ከመንገዱ እየራቀች ነው።

እንግዲህ ጉዱን ስሙ። ይሄ ለብዙ አሥርተ ዓመታት ተገልብጦ ነው ሲማሩት የኖሩት። “ኳሷ የምትነሳው ዱላው በተጓዘበት፣ የምታርፈው ፊቱ ባየበት ነው” ይባል ነበር። ይህንን ያስተምሩ የነበሩትም ተራ ሰዎች አይደሉም። 18 ታላላቅ ውድድሮችን ያሸነፈው ጃክ ኒክላውስ ሳይቀር ኳስ ማጠፍ ሲያስረዳ፣ ሰውነትህን እንድትነሳበት ወደምትፈልገው አቅጣጫ፣ የዱላውን ፊት ደግሞ እንድታርፍበት ወደምትፈልገው ቦታ አድርግ ይል ነበር። ምክሩን ቃል በቃል የተከተለ ተማሪ ምን ይገጥመዋል? ከፊቱ ዛፍ አለ እንበል። ዛፉን በግራ አልፋ ታጥፋ ባንዲራው ዘንድ እንድታርፍለት ይፈልጋል። ሰውነቱን ከዛፉ ግራ፣ ፊቱን ወደ ባንዲራው ያደርጋል። ባንዲራው ያለው ግን ከዛፉ ጀርባ ነው! ኳሷም ፊቱ ወዳየበት ትነሳና... ቋ! ዛፉን። “ምን አጠፋሁ?” ይላል ምስኪኑ። ምንም አላጠፋም፤ የተባለውን ነው ያደረገው።

እውነቱ ጭራሽ ጠፍቶ ነበር እንዳይባል ደግሞ ብሪታንያውያኑ ኮክራንና ስቶብስ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት የምርምር መጽሐፍ አስቀምጠውታል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ቴዎዶር ዮርገንሰን በ1990ዎቹ በደንብ አብራርቶታል። ሰሚ አልነበረም እንጂ። ነገሩ አደባባይ የወጣው በ2003 ዴንማርክ ውስጥ ትራክማን የሚባል ድርጅት ተቋቁሞ ኳስንና ዱላን በራዳር መከታተል ሲጀመር ነው። ማሽኑ ሻምፒዮን አያፍርም፤ የለካውን ይናገራል። በዓመታት ውስጥ የማስተማሪያ መጻሕፍቱ እየታረሙ መጡ።

ታዲያ እነዚያ ታላላቆች ተሳስተው ሳለ እንዴት ያሸንፉ ነበር? መልሱ እጃቸው ያውቅ ነበር የሚል ነው። አፋቸው አንድ ነገር ይላል፣ እጃቸው ሌላ ይሠራል። በሺህ የሚቆጠር ኳስ የመታ እጅ ዛፉን እንዳይመታ ፊቱን በራሱ ጊዜ ዞር ያደርገዋል፤ ባለቤቱ ግን አላወቀም።

ይሄ ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም። ዶሮ ወጥ ላይ እጇ ያማረ እናት ጠይቁ እስቲ። “እማዬ፣ በርበሬው ስንት ነው?” “እንዲያው ገመት አድርገሽ ነዋ።” “ሽንኩርቱስ እስከ መቼ ይቁላላ?” “በቃ፣ ሲበስል ታውቂዋለሽ።” ልጅቷ የተባለችውን ሁሉ አድርጋ ትሠራለች፤ ወጡ ግን የእማዬን አይሆንም። እናት ደብቃ አይደለም። እጇ የሚያውቀውን አፏ ስለማያውቀው ነው። ሀብታሙም መድረክ ላይ ወጥቶ “ማለዳ በመነሳቴ ነው የከበርኩት” ሲለን ጽፈን እንወጣለን። ማለዳ ተነስቶ ያልከበረውን፣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት የዳቦ ቤት እሳት የሚያነደውን ሰው የሚጠይቅ የለም። ያሸነፈ ሁሉ ለምን እንዳሸነፈ ያውቃል ማለት አይደለም።

ከዚህ ሁሉ ግን እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላ ነው። የጎልፍ ጀማሪዎች የጋራ በሽታ አለ፤ ስላይስ ይሉታል። ቀኝ እጀኛው ዱላውን ከውጭ ወደ ውስጥ ኳሷን አቋርጦ ወደ ግራ ይስበዋል፤ ፊቱ ግን ያን ያህል ወደ ግራ አይዞርም፤ ኳሷም ወደ ቀኝ ታጥፋ ጫካ ትገባለች። በሽተኛው ምን ያደርጋል? “ወደ ቀኝ ከሄደች ወደ ግራ ላነጣጥር” ይላል። አእምሮ ያለው ሰው ሌላ ምን ይላል? መድኃኒቱ ግን በሽታውን ያብሰዋል።

እንዴት ብትሉ፣ ባለፈው ዓመት ዘመድ ጥየቃ ወደ ዋሽንግተን ሄጄ ያየሁትን ላውራችሁ። ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ አብሮ አደጌ አለ፤ ከ20 ዓመት በላይ ታክሲ ነድቶ ጡረታ የወጣ። ስሙን አልጠራም፤ ጎልፍ መጀመሩን አገር ቤት ያሉት ወንድሞቹ ከሰሙ ለተስካራቸው እንኳ አይጠሩትም። ያስጀመረችው ልጁ ናት። እዚያው ተወልዳ ያደገች ስትሆን ለትምህርት ቤቷ ትጫወት ነበር። እዚያ አገር የሕዝብ መለማመጃ ሜዳ አለ። ጥቂት ዶላር ትከፍላላችሁ፣ አንድ ቅርጫት ኳስ ይሰጧችኋል፣ እሱን ደብድባችሁ ትሄዳላችሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችን ከመሄዳችን በፊት ወዳጄ ወደ ጓዳ ጠራኝና አደራ ጣለብኝ። ልጅቷ የሕክምና ትምህርት ለመግባት ስትዘጋጅ ቆይታ ትታዋለች። መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ጀምራለች። “አንተ ብትነግራት ትሰማሃለች” አለኝ። ከኔ በፊት የነፍስ አባታቸው ነግረዋታል። ዳላስ ያለችው አክስቷ ነግራታለች። አንድ የሚያውቁት ዶክተርም ደውሎ ነግሯታል። “ታዲያስ?” አልኩት። “ታዲያማ፣ በተነገራት ቁጥር የምትደውልበት ቀን ይርቃል። በፊት በየቀኑ፣ ከዚያ በሳምንት፣ አሁንማ በዓል ሲሆን ነው።” ዛሬም የመጣችው እኔን ልትጠይቅ ብላ ነው።

ሜዳው ላይ ወዳጄ የመጀመሪያዋን ኳስ መታ። ወደ ባንዲራው ተነሳች፤ መሃል ላይ ስትደርስ ሰው እንደጠራት ታክሲ ወደ ቀኝ ታጠፈች። ወደ ግራ ትንሽ ዞር ብሎ ቆመ። ባሰባት። አሁንም ዞረ። ጭራሽ አጥሩን ልትነካ። በአምስተኛው ኳስ ደረቱ ወደ ጎረቤቱ ሜዳ ነው የሚያየው፤ ኳሷ ግን ከመቼውም ይበልጥ ቀኝ ሄዳለች።

“አባዬ፣ ወደ ግራ አትሽሽ እንጂ” አለች ልጅቷ። አማርኛዋ ትንሽ ይሰበራል፣ ግን ይገባል። “በሸሸህ ቁጥር ይብስብሃል።”

“ወደ ቀኝ እየሄደችብኝ ታዲያ ወዴት ልሽሽ?”

“አትሽሽ። እጅህ ባንዲራውን ነው የሚፈልገው፤ የዱላው ፊት ሁልጊዜ ወደዚያ ነው። ትከሻህ ግን ይሸሻል። ሁለቱ ሲጣሉ ኳሷ ትዞራለች።”

ነገሩ በቁጥር ሲታይ እንዲህ ነው። ፊቱ ባንዲራውን እያየ ዱላው አራት ዲግሪ ወደ ግራ ከሄደ ልዩነቱ አራት ነው። ሰውየው ፈርቶ ዱላውን ስምንት ዲግሪ ወደ ግራ ሲወረውረው፣ እጁ ግን አሁንም ፊቱን ወደ ባንዲራው ሲያደርገው፣ ልዩነቱ ስምንት ሆነ። ጥምዝዟ ሰፋ። እሱ ደግሞ ጥምዝዟን አይቶ እንደገና ይሸሻል። እንዲህ እያለ ዕድሜ ልካቸውን የሚሸሹ ሰዎች አሉ አሉ።

ልጅቷ ባዶ የኳስ ካርቶን አንስታ ከኳሷ ማዶ፣ ከአባቷ በራቀው በኩል፣ ጠጋ አድርጋ አስቀመጠችው። ዱላው ከውጭ ከመጣ መጀመሪያ ካርቶኑን ይመታል። ቆጠርኩለት፤ አሥራ አንድ ጊዜ ካርቶኑን መታ። “ይሄ ካርቶን ምን በደለሽ?” አለ ላቡን እየጠረገ። እሷ ሳቀች። በአሥራ ሁለተኛው ካርቶኑ ሳይነካ ቀረ። ኳሷ ከባንዲራው ቀኝ ራቅ ብላ ሄደች፤ ግን ቀጥ ብላ፣ እንደ ገመድ።

“ሳትኳት!” አለ ተናዶ።

“ቀጥ አለች እኮ፣ አባዬ!” አለች እያጨበጨበች። “አሁን ማነጣጠር ብቻ ነው የቀረህ።”

ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ስንመለስ መኪና ውስጥ የተናገረው አንድ ነገር ነበር፤ “የምታስተምሪያቸው ልጆች ስንት ዓመታቸው ነው?” አላት። “አምስት” አለች። “ያስቸግሩሻል?” በመስታወቱ አየችው፤ ወጥመድ መኖሩን ስትፈልግ ይመስለኛል። ከዚያ እስከ ቤት ድረስ ስለ ልጆቹ አወራች። ጫማውን ማሰር ስላቃተው፣ ሲናደድ ጠረጴዛ ሥር ስለሚገባው፣ ስለ ሁሉም። ወዳጄ የሕክምና ነገር አላነሳም። እኔም አደራዬን ይዤ ተመለስኩ። ልጅቷ ሐሳቧን አልቀየረችም፤ እሱም ከልቡ ተስማምቷል አልላችሁም። ከዚያ ወዲህ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ አብረው ሜዳ ይሄዳሉ።

የወዳጄ ፊት ሁልጊዜም ወደ ልጁ ደህንነት ነበር፤ ይህን የሚጠራጠር የለም። መንገዱ ነው ሌላ የነበረው። በሰው፣ በስልክ፣ በሽማግሌ ሲመጣባት ቆይቶ እሷም ራቀች። ስትርቅ ሽማግሌ ጨመረ።

ዙሪያችንን ብናይ ይሄ በሽታ በየቤቱ አለ። ልጅ ዋሸ ተብሎ ይገረፋል። ምን ይማራል? እውነት መናገርን ሳይሆን የተሻለ መዋሸትን። የተሻለውም ውሸት ሲደረስበት ግርፋቱ ይጨምራል። መሥሪያ ቤት እስክሪብቶ በዛ ብሎ ጠፋ ይባልና መዝገብ ይከፈታል። ከዚያ የቅርብ አለቃ ፊርማ፣ ከዚያ የንብረት ክፍል ማኅተም። አንዲት እስክሪብቶ ለማውጣት ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሠራተኛ ዕድል ሲያገኝ አንድ አይወስድም፤ ለክፉ ቀን ብሎ አምስት ይከታል። ወሩ ሲያልቅ “አያችሁ! ቁጥጥሩ ላልቷል ማለት ነው” ተብሎ አራተኛ ፊርማ ይታከላል። ባልየው ሚስቱ ዝም ስላለች ድምፁን ከፍ ያደርጋል፤ ድምፁ ከፍ ስላለ እሷ ትበልጥ ዝም ትላለች። ሁሉም የሚያየው ኳሷ የወደቀችበትን ነው። ዱላው ሲነካት ወዴት ይጓዝ እንደነበር የሚያይ የለም። አይፈረድበትም፤ ቅጽበቷ አጭር ናት። ለዚያውም ዓይናችንን ቀና አድርገን ኳሷን ስናሳድድ ነው የምታልፈው።

የዞረ ሁሉ ክፉ ነው ማለቴ ደግሞ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2012 በጆርጂያው ኦገስታ ማስተርስ የሚባለው ታላቁ ውድድር ወደ መለያ ጨዋታ ሄደ። አሜሪካዊው ቡባ ዋትሰን ከደቡብ አፍሪካዊው ሉዊ ኡስትሁይዘን ጋር። ሁለተኛው የመለያ ጉድጓድ ላይ የዋትሰን ኳስ ጥድ ዛፎች መሃል ገባች። ከቆመበት ባንዲራው አይታይም። ቀጥ ብሎ የሚወጣ መንገድ የለም። ሰውየው ግራኝ ነው። በዛፎቹ መሃል በነበረችው ክፍተት ኳሷን አስወጣትና አየር ላይ 40 ያርድ ያህል፣ ማለትም ከ35 ሜትር በላይ ወደ ቀኝ አጠፋት፤ ሄዳ ባንዲራው አጠገብ አረፈች። አሸነፈ። ይሄ ሰው የጎልፍ አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም ይላል። በልጅነቱ የላስቲክ ኳስ በቤታቸው ዙሪያ እያጠፈ ሲመታ ነው ያደገው።

የዋትሰን ኳስና የወዳጄ ኳስ የታጠፉት በአንድ ሕግ ነው፤ በፊቱና በመንገዱ ልዩነት። አንዱ ግን ልዩነቱን ፈልጎ ፈጠረው፣ ሌላው ሳያውቅ ፈጠረውና ሸሸው። አንዳንዴ ለሕይወትም ቀጥተኛ መንገድ የለውም፤ ዙሪያ ጥምጥም መሄድ ግድ ይላል። ለቅሶ ቤት ስንሄድ በቀጥታ “ሞተ” አንልም፤ ሽማግሌ ሲላክ በቀጥታ “ልጃችሁን ስጡን” አይልም። አያቶቻችን ማጠፍ ያውቁበታል። ልዩነቱ እያወቁ ማጠፍ ላይ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ወዳልፈለጋችሁት ሲዞርባችሁ፣ ልጅም ይሁን ሠራተኛ፣ ትዳርም ይሁን ጎረቤት፣ ወደ ሌላው ጎን ከመሸሻችሁ በፊት አንድ ጊዜ ወደ ታች እዩ። እጃችሁ የሚፈልገውና ትከሻችሁ የሚሄድበት አንድ ናቸው? ካልተስማሙ አስማሟቸው። የመጀመሪያዋ ኳስ ዒላማውን ብትስት አትናደዱ። ቀጥ ካለች ማነጣጠሩ ቀላል ነው።

ቸር ይግጠመን።